ስንቅ በበር፣ ድሮን በሰማይ፦ የማረሚያ ቤት የበረራ ገደብ ለእኛ እንዴት ይበጅ?

እሑድ ጠዋት ማረሚያ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን አይረሳውም። ስንቅ አቀባዩ መታወቂያውን ይዞ ይሰለፋል። ተራቸው የደረሰ እናት ምሳ ዕቃቸውን ከዘንቢል አውጥተው ክዳኑን ይከፍታሉ። ፈታሹ ፖሊስ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ የተጠቀለለውን እንጀራ ይተረትራል፣ ድፎ ዳቦ ካለ ከመሃል ይገምሰዋል። ቀጥሎ «እናቴ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ» ይላል። እናትም ቆርሰው ይጎርሳሉ፤ «ስሠራውም ቀምሼዋለሁ ልጄ» ብለው ያልፋሉ። ፈታሹ የሚፈልገው በዳቦ ሆድ የተቀበረ ስልክ፣ በሳሙና ውስጥ የተሸጎጠ ሲም ካርድ፣ ወጥ ውስጥ የሰጠመ ፌስታል ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ወደ ግቢው የሚገባ ነገር ሁሉ በበር ይገባል ከሚል እምነት የመጣ ነው። አጥሩም፣ እሾሃማው ሽቦም፣ የጥበቃ ማማውም የተሠሩት በእግሩ ለሚመጣ ሰው ነው። ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ስኳር የማይበልጥ፣ አራት ተሽከርካሪ ላባ ያላት መሣሪያ ግን ከበሩም ከአጥሩም ጋር ጉዳይ የላትም። ብዙ አገሮች በማረሚያ ቤቶች ዙሪያ የሲቪል ድሮን በረራን በሕግ እየገደቡ ያሉት ለዚህ ነው። ጥያቄው ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ግን የሌላውን አገር ክልከላ ቀድቶ መለጠፍ አይበቃም እላለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በቅድሚያ አንድ ነገር መባል አለበት። በባሕር ዳር «ድሮን» የሚለው ቃል ከካሜራ በፊት ጦርነትን ያስታውሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመግለጫዎቹ ይፋ አድርጓል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን አይደለም፤ የሚመለከተው ሠርግ የሚቀርጸውን፣ መሬት የሚለካውን፣ እምቦጭ የሚቆጥረውን ትንሹን ድሮን ነው። ሆኖም ጆሮ ልዩነቱን ሁልጊዜ አይለይም። የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ አንገቱን የማያቀና የለም፤ ማማ ላይ የቆመው ጠባቂም እንደዚያው ነው። ጣቱ ግን ምላጭ ላይ ነው። ትንሹን ድሮን የት እንደሚበርና የት እንደማይበር በግልጽ መወሰን ከማንም በላይ ለእኛ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

አሁን ሌላው ዓለም ምን እንደገጠመው እንይ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ማንስፊልድ በሚገኝ ማረሚያ ቤት አንድ ድሮን ታራሚዎች በሚናፈሱበት ሜዳ ላይ ጥቅል ጣለ። በውስጡ ወደ 140 ግራም ትምባሆ፣ 65 ግራም ያህል ማሪዋና እና ከ6 ግራም በላይ ሄሮይን ነበረበት። ታራሚዎቹ ጥቅሉን ሲሻሙ ጠብ ተነሣ፤ ጠባቂዎች ዓይን የሚያቃጥል ርጭት እስከ መጠቀም ደረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብ ካሮላይና አንድ ታራሚ አልጋው ላይ ሰው የሚመስል ነገር አስተኝቶ አጥሩን ቆርጦ አመለጠ። የሽቦ መቁረጫው በድሮን ሳይገባለት እንዳልቀረ የግዛቲቱ ኃላፊዎች ተናገሩ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ በኢኳዶር ጓያኪል ፈንጂ የጫኑ ድሮኖች ጥብቅ ጥበቃ ባለው ማረሚያ ቤት ላይ ጥቃት አደረሱ።

ለእኛ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የፈረንሳዩ ነው። ሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በፓሪስ አቅራቢያ ባለው የሬዮ ማረሚያ ቤት ታጣቂዎች በሄሊኮፕተር ወርደው አንድ የታወቀ ዘራፊ ይዘው በረሩ። ያረፉት ሄሊኮፕተር እንዳያርፍ በሚከለክል መረብ ባልተሸፈነ አንድ ግቢ ላይ ነበር። ያ ግቢ ክፍት መሆኑን እንዴት አወቁ? ከወራት በፊት በማረሚያ ቤቱ ላይ ድሮኖች ሲያንዣብቡ ታይተው ነበር። እነዚያ ድሮኖች ጥቅል ጣሉ አልተባለም። ሥራቸው ማየት ሳይሆን አይቀርም።

ሕጉም እነዚህን ክስተቶች ተከትሎ መጣ። አሜሪካ ከሰኔ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በ19 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ላይ፣ በግቢዎቹ ወሰን ውስጥ እስከ 400 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም እስከ 120 ሜትር ገደማ፣ ድሮን እንዳይበር ከለከለች። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ እኛ የ2016ቱን ጥምቀት ባከበርን በአምስተኛው ቀን፣ ጥር 16፣ በዝግ ማረሚያ ቤቶችና በወጣት ጥፋተኞች ማቆያዎች ዙሪያ 400 ሜትር ስፋት ያለው የክልከላ ቀለበት አጠለቁ። ቀለበቱ ውስጥ የተገኘ አብራሪ እስከ 2,500 ፓውንድ ይቀጣል፤ የተከለከለ ዕቃ ሲያስገባ የተያዘ እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። በሁለቱም ሕጎች 400 የሚል ቁጥር አለ፤ አንዱ ግን ከግቢው በላይ ወደ ሰማይ የተለካ ጫማ ነው፣ ሌላው ከአጥሩ ወደ ውጭ በምድር ላይ የተለካ ሜትር።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጎኑ ርዝመት 300 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማረሚያ ቤት እናስብ። ክልከላው በግቢው ላይ ብቻ ከሆነ የሚሸፍነው 9 ሄክታር ነው። 400 ሜትር ቀለበት ሲጨመርበት ወደ 107 ሄክታር ይጠጋል። እንዲህ ባለ ስፋት ውስጥ ሠፈር፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የበቆሎ ማሳ ሊኖር ይችላል። በሌላ በኩል አንድ ተራ ድሮን በሰከንድ 10 ሜትር ቢበር 400 ሜትሩን በ40 ሰከንድ ይጨርሳል። በ40 ሰከንድ ውስጥ ጠባቂው ድምፁን ሰምቶ፣ ቀና ብሎ፣ ወፍ አለመሆኑን ለይቶ፣ በሬዲዮ መናገር አለበት። ክልከላው የግቢው ወሰን ላይ ሲያበቃ ያቺ ጊዜ እንኳ የለችም፤ ድሮኑ ሕግ የሚጥሰው አናቱ ላይ ሲደርስ ነው።

ታዲያ ቀለበቱ ድሮን ያስቆማል? አያስቆምም። የእንግሊዙ ክልከላ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥር 2017 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ የማረሚያ ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ ስለ ማንቸስተርና ስለ ሎንግ ላርቲን ማረሚያ ቤቶች ያወጡት ሪፖርት የሰማዩ ቁጥጥር ለተደራጁ ወንጀለኞች እንደተተወላቸው የሚናገር ነበር። ማንቸስተር ውስጥ ታራሚዎች የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ማሞቂያ ተጠቅመው የፕላስቲክ መስኮታቸውን እያቀለጡ ይበሱ ነበር፤ ድሮኑ ጥቅሉን በቀዳዳው በኩል ያደርሳል። ለዚያ ማረሚያ ቤት ከሰማይ ሕግ ይልቅ ጠንካራ መስኮት ይሻለው ነበር።

ቀለበቱ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ የማስረዳትን ሸክም ያቀላል። ክልከላ በሌለበት ፖሊስ አንድን አብራሪ ይዞ «ምን ልታስገባ ነበር?» ብሎ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ጥቅሉ ከወደቀ፣ ድሮኑም ከተመለሰ በኋላ ይህ ከባድ ነው። ክልከላ ሲኖር ጥያቄው «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብቻ ይሆናል። ንጹሑም ሰው አካባቢውን ስለሚርቅ ሰማዩ ይጸዳል፤ በዚያ ሰማይ ላይ የሚታየው ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናል። ይህ ግን የሚሠራው ንጹሑ ሰው ቀለበቱ የት እንዳለ ሲያውቅ ነው። የእኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣ አንድ ወዳጅ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ሳይከብድ በፊት ፈቃድ ካለው የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር በኮንትራት እየሠራ ሙሽሮችን ከጣና ዳር፣ ከዓባይ ድልድይና ከቤዛዊት ኮረብታ ሥር በድሮን ይቀርጽ ነበር። ድሮን የት የት እንደማይበር ጠየቅሁት። በጣቱ ቆጠረልኝ፦ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የጦር ካምፕ፣ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት። ማረሚያ ቤትን አልጠራም። ሳስታውሰው «እሱማ ይታወቃል» አለኝ። ምን ያህል እንደሚርቅ ስጠይቀው ግን ትከሻውን ነቀነቀ። ሰውየው ሕግ አክባሪ ነው፤ የጎደለው ቁጥር ብቻ ነው።

እሱ ራሱ የነገረኝ አንድ ገጠመኝ ነገሩን ያብራራል። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ድሮኑን ወደ መሃል ከተማ ገፋው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መሣሪያው በራሱ ወደ ተነሣበት ቦታ መመለስ ጀመረ። ድሮን እንዲህ ሲመለስ መንገድ አይመርጥም። ካለበት እስከ ተነሣበት ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ይመጣል፤ በመስመሩ ላይ ገበያ ይኑር ካምፕ፣ ትምህርት ቤት ይኑር ማረሚያ ቤት አያውቅም። ያን ቀን ያለፈው በቤቶች ጣሪያ ላይ ነበር። ሌላ ቀን በሌላ ነገር ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰውና የሽቦ መቁረጫ የላከውን ሰው በአንድ አንቀጽ የሚቀጣ ሕግ፣ ሕግ ከመሆኑ በፊት ፍርድ አጉድሏል።

አሁን ወደ በሩና ወደ ምሳ ዕቃው ልመለስ። የእንግሊዙ ቀለበት በዋናነት የተበጀው ለአደገኛ ዕፅና ለስልክ ዝውውር ነው። እዚያ ቤተሰብ በየቀኑ ወጥ ሠርቶ በር ላይ አያቀብልም፤ በሩ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ውስጥ ያለው ዕቃ ዋጋው ይሰቀላል፣ ድሮን መግዛትም ያዋጣል። እኛ ዘንድ በሩ በስንቅ በኩል ክፍት ነው። ለአንዲት ስልክ ብሎ በብዙ ሺህ ብር ድሮን የሚገዛ፣ ያውም ፈቃድ ከባድ በሆነበት አገር፣ ሒሳብ የማያውቅ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የእኛ ቀዳሚ ስጋት የሬዮው ዓይነት ነው፤ ማማው ላይ ስንት ሰው እንዳለ፣ ዘብ በስንት ሰዓት እንደሚቀየር፣ የትኛው ግንብ እንደተሰነጠቀ ከላይ የሚያይ ዓይን። ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ስጋቱ ዓይን ከሆነ፣ የተቀረጸው ምስልም በሕጉ ውስጥ መግባት አለበት። ከ400 ሜትር ውጭ ቆሞ፣ ከፍ ብሎ፣ ካሜራውን አቅርቦ ግቢውን መቅረጽ ይቻላል። በዚህ በኩል የታራሚውም መብት አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በግቢ ውስጥ ገላውን ሲታጠብ ወይም ፀሐይ ሲሞቅ ከሰማይ ተቀርጾ በቲክቶክ የሚለቀቅ ታራሚ ክብሩ ተጠብቋል ማለት አይቻልም። ስለ በረራ ገደብ ስናወራ የጠባቂውን ስጋት ብቻ እናነሣለን፤ የታራሚውን ገመና የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ክልከላው ማረሚያ ቤትን ከዕይታ መሰወሪያ እንዳይሆን የሚሰጉም አሉ፤ ስጋታቸው መሠረት የለሽ አይደለም። ነገር ግን የታራሚ አያያዝን መመርመር በሩን አልፎ፣ ታራሚውን አነጋግሮ፣ ክፍሉን አይቶ ነው። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በማሻሻያ አዋጁ ቁጥር 1224/2012 ማረሚያ ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ያ በር ከተዘጋ ድሮን አይተካውም፤ ጣሪያ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ቴክኖሎጂውስ? ብዙዎች «መሣሪያው ራሱ እንዳይበር ይዘጋ» ይላሉ። በዓለም ገበያ ትልቁ ድሮን አምራች የሆነው ዲጄአይ ለዓመታት በተከለከሉ ቦታዎች ላይ መሣሪያዎቹ እንዳይነሡ የሚያደርግ የካርታ ቁልፍ ነበረው፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ግን አሜሪካ ውስጥ ቁልፉን አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ብቻ ተካው። አጥራችንን ሌላ አገር ያለ ድርጅት በፈለገ ቀን ሊያፈርሰው በሚችለው ነገር መሥራት አያዛልቅም። ሌላው አማራጭ ሞገድ ማፈን ነው። ድሮንና መቆጣጠሪያው በብዛት የሚነጋገሩት በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ ነው፤ የየቤታችን ዋይፋይም እዚያው ላይ ነው። የሳተላይት አቅጣጫ ምልክትን ማፈን ደግሞ ለአውሮፕላኖች ስለሚተርፍ፣ የመንገደኛ በረራ በየቀኑ በሚያስተናግድ ከተማ የሚሞከር አይደለም።

ራዳርስ ቢሉ፣ ጣና ዳር ራዳር የሚተክል ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ትንሽ ድሮን በራዳር ላይ ወፍ ትመስላለች። ባሕር ዳር ደግሞ ከወፍ ጋር የምትኖር ከተማ ናት፤ ጠዋት ፔሊካኑ፣ ቀን ጭልፊቱ፣ ማታ ወደ ማደሪያው የሚጎርፈው መንጋ። ጠባቂው በቀን ሃምሳ ጊዜ ለወፍ ከተጠራ ሃምሳ አንደኛውን አይነሣም። የኔዘርላንድ ፖሊስ ድሮን የሚይዙ ንስሮች አሠልጥኖ ነበር፤ ወጪው ከበደው፣ ንስሮቹም ሁልጊዜ እንደ ታዘዙት አልሆኑም፣ ተወው። የእኛን የጣና ዓሣ አዳኝ ንስር ላየ ሰው ይህ አይደንቅም፤ ዓሣ እያለ ለማን ብሎ ፕላስቲክ ይይዛል?

የቀረው ክላሽ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈራው ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ሠፈር ላይ ነው። ድሮኗ ብትመታ እንኳ ባትሪዋ ሊቃጠል፣ የጫነችው ነገርም ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ጠባቂው ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ የተጻፈ መመሪያ ያስፈልገዋል፦ ታራሚዎችን ወደ ክፍል ማስገባት፣ ድሮኗ የምትመለስበትን አቅጣጫ ማየት፣ የወደቀውን አለመንካት። ከእነዚህ መካከል አቅጣጫውን ማየት ዋናው ነው። ተራ ድሮን አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ አብራሪዋ በአብዛኛው ሩቅ አይሆንም። ወንጀለኛው ሰማይ ላይ አይደለም፤ አንድ ጥግ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ስክሪን ያያል።

ሕጉን ማን ይጻፈው? የአየር መጓጓዣን የማስተዳደርና የመቆጣጠር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ነው። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እዚያ ናቸው። የባሕር ዳር ማረሚያ ቤት ግን የክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ነው። አጥሩ የክልል፣ ከአጥሩ በላይ ያለው አየር የፌዴራል ማለት ነው። ማረሚያ ቤቱ ሰማዩን በራሱ ማስታወቂያ ሊዘጋ አይችልም፤ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ደግሞ የትኛው ማረሚያ ቤት በየትኛው ወገን ከትምህርት ቤት ጋር አጥር እንደሚጋራ አያውቅም። ስለዚህ ርቀቱ ከክልሎች ጋር ተመክሮበት በፌዴራል ደንብ ይውጣ፤ የእያንዳንዱ ማረሚያ ቤት ካርታ ግን በክልሉ ተሠርቶ ይጽደቅ።

ለእኔ 400 ሜትር መጥፎ መነሻ አይደለም፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጥበት አንድ መስኮት ከሌለው በ107 ሄክታር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቀጣል። እምቦጭ የሚያጠና ተመራማሪ፣ የመብራት መስመር የሚፈትሽ ባለሙያ፣ መሬት የሚለካ መሐንዲስ ቀንና ሰዓቱን አስመዝግቦ፣ ማረሚያ ቤቱም አውቆት የሚሠራበት መንገድ ይኑር። ጠባቂው «ዛሬ ከ3 እስከ 4 ሰዓት አንድ ድሮን በምሥራቅ በኩል አለ» የሚል ወረቀት በእጁ ከያዘ፣ 5 ሰዓት ላይ የሚመጣውን ለመጠርጠር አይቸገርም። ቅጣቱም ደረጃ ይኑረው፦ ነፋስ የገፋበት፣ አውቆ የቀረጸ፣ ዕቃ የጣለ፤ ሦስቱ አንድ አይደሉም።

ካርታው ይታተም ሲባል «የማረሚያ ቤቱን ቦታ ማጋለጥ ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ማንኛውንም የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ «ማረሚያ ቤት» ብትሉት ሳያቅማማ በር ላይ ያወርዳችኋል። በዚያ በር ላይ «ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ለመለጠፍ የተገኘው ቀለም ከአጥሩ 400 ሜትር ርቀው በሚገኙ አራት መንገዶች ላይ «ከዚህ ወዲያ ድሮን ማብረር ክልክል ነው» ለማለትም ይበቃል፤ ከሥሩ ለፈቃድ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ይጨመርበት።